ዶክተር፣ ከኦቲዝሙ በፊት ጥርሱን ይዩልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን ገደማ ስለ ኦቲዝም የሚወጡ ጽሑፎችን ቆርጠው ከሚያስቀምጡ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዕለቱን ከሰየመ ወዲህ የእኛም ጋዜጦችና ሬዲዮኖች ጉዳዩን እያነሡት መምጣታቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ኦቲዝም ምን እንደሆነ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት ዘግተው ማስቀመጥ እንደሌለባቸውና ልዩ ትምህርት ቤት እንደሚያስፈልግ ነው። ያው ልጅ ጆሮውን ሲያመው፣ ሆዱ ሲደርቅ ወይም ጥርሱ ሲበሰብስ ማን እንደሚያክመውና እንዴት ባለ አቀባበል እንደሚያክመው የሚናገር ጽሑፍ ግን ከቆረጥኳቸው ወረቀቶች መካከል ፈልጌ አጣሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። በአዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር፣ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አባት ነኝ። ልጃችን ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። የራሱ የሆኑ ጥቂት ቃላት አሉት፤ ከዚያ ውጭ ግን ንግግሩ በአብዛኛው የሰማውን የመጨረሻ ሐረግ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ማሰማት ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ቀጥሎ ለምተርከው ነገር ቁልፉ እርሱ ስለሆነ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ልጄ ግራ መንጋጋውን በጡጫ መምታት ጀመረ። መጀመሪያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ሌሊትም ተጨመረበት፤ እናቱ እጁን ይዛ ታድራለች፣ ንጋት ላይ እኔ እተካታለሁ። ሐኪም ቤት ወሰድነው። የሐኪም ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን ከሌሎች ወላጆች ጋር ስንጨዋወት ተረድቻለሁና። ወጣቱ ሐኪም ካርዱን ገለጥ አድርገው “ኦቲዝም” የሚለውን ቃል እንዳዩ እስክሪብቷቸውን አነሡ። “ራስን መምታት በእነዚህ ልጆች ላይ ያለ ጠባይ ነው፤ አሁን ደግሞ ጉርምስናው ተጨምሮበታል” አሉንና ቀድሞ የሚወስደውን የሚያረጋጋ መድኃኒት መጠኑን ከፍ አደረጉት። አፉን አላስከፈቱትም፤ ጆሮውንም በመብራት አላዩትም። እውነቱን ለመናገር እኛም እንዲያዩልን አልጠየቅንም። ለዓመታት የልጃችን ነገር ሁሉ በዚያ አንድ ቃል ሲገለጽ ሰምተን ሰምተን እኛም ለምደነው ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሯችን ያገኘናቸው ሐኪም የበለጠ ትዕግሥት ነበራቸው። ወደ ልጁ ዘንበል ብለው “ያምሃል ወይስ አያምህም?” ሲሉ ጠየቁት። “አያምህም” አላቸው። ሕመም እንደሌለው ካርዱ ላይ ተጻፈ። ጥያቄውን ገልብጠው “አያምህም ወይስ ያምሃል?” ቢሉት ኖሮ መልሱም አብሮ ይገለበጥ ነበር። መልስ የሰሙ መሰላቸው እንጂ የሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ነበር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን ሳላስረዳቸው በመቅረቴ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ነገሩ የተገለጠው በምርመራ ሳይሆን በቁርስ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ልጁ ዳቦውን በቀኝ በኩል ብቻ እንደሚያኝክ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲሰጠውም ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቅዝቃዜው እስኪለቅ እንደሚጠብቅ አስተዋለች። ወደ ጥርስ ሐኪም ሄድን። ከታች በግራ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርስ እስከ ሥሩ ተቦርቡሮ ድዱ ሥር መግል ቋጥሮ ተገኘ። ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት ከታከመ በኋላ ጥርሱ ተነቀለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ልጄ እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ። 19 ቀን ሙሉ ጠባይ ሲባል የከረመው ጡጫ ያረፈው በትክክል ሕመሙ ካለበት ቦታ ላይ ነበር። የተጨመረለት መድኃኒት የፈየደለት ነገር ቢኖር እያመመው እንዲያንቀላፋ ማድረግ ነው።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት በሕክምናው ዓለም የታወቀና ስም የወጣለት ነው፤ ቀድሞ የታወቀ አንድ የምርመራ ውጤት ሌላውን ሕመም ጋርዶት ሐኪሙ እንዳያየው ሲያደርግ ማለት ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ድንገት ጠባዩ ሲለወጥ፣ ራሱን መምታት ወይም መንከስ ሲጀምር፣ እንቅልፍ ሲያጣ ወይም የሚወደውን ምግብ ሲገፋ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምን እያመመው እንደሆነ ነው። የጆሮ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ የሆድ ድርቀት፣ ቃር፣ የራስ ምታት፣ በሴቶች ልጆች የወር አበባ ሕመም፣ አልፎ አልፎም ማንም ሳያየው የተሰነጠቀ አጥንት ይሆናል። የስሜት ሕዋሳት ከሌላው ሰው በተለየ ሁኔታ መሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከኦቲዝም መለያዎች እንደ አንዱ ተቆጥሯል። በዚህ ምክንያት አንዱ ልጅ የሸሚዝ አንገት ሲነካው እንደ እሳት ያቃጥለዋል፤ ሌላው እጁ ተሰብሮ ሲጫወት ይውላል። አላለቀሰም ማለት አላመመውም ማለት አይደለም።

ነገሩ የጥርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ከ27 ሺህ በላይ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች የብሔራዊ መዝገብ መረጃ የመረመረ የስዊድን ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከእነርሱ መካከል የሞቱት በአማካይ የሞቱት በ54 ዓመታቸው ሲሆን በንጽጽር የተወሰዱት ሌሎች ሰዎች ግን በ70 ዓመታቸው ነበር። ከኦቲዝሙ ጋር የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበረባቸው ደግሞ 40 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ኦቲዝም በራሱ ሰው አይገድልም። ይህን ጥናት ሳነብ የደነገጥኩት ጤና ጥበቃው እጅግ በተሟላበት አገር የተሠራ መሆኑን ሳስብ ነው። ከሞቱ ምክንያቶች መካከል የሚጥል በሽታ ጎልቶ ይታያል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት በሌለባቸው ዘንድ ደግሞ ራስን ማጥፋት። የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር ደጋግሞ የሚገኝ፣ በጉርምስና ዕድሜ ሊጀምር የሚችል ሕመም ነው። ልጁ ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ሲቀር “ያው እንደ ልማዱ በሐሳብ ነጎደ” እየተባለ ስንት ጊዜ ሳይታይ እንደሚታለፍ መገመት አያዳግትም።

ስለ ሆድና ስለ ምግብም አንድ ነገር ልበል። የእኔ ልጅ ወጥ የነካው እንጀራ አይቀምስም፤ የሚበላው ነጭ ዳቦ፣ ስጎ የሌለበት ማካሮኒና ሙዝ ነው፤ ሙዙም ጥቁር ነጥብ ካለበት አይነካውም። ዘመድ አዝማድ ይህን ቅብጠት ነው ይለዋል፤ “ሁለት ቀን አስርቡት፣ ሽሮውን ይልሰዋል” ያሉን አሉ። ሞክረነዋል፤ ሁለት ቀን ጾመ። እንዲህ ያለ ልጅ ሆዱ ይደርቃል፣ ደም ያንሰዋል፤ በበለጸጉ አገሮች ሳይቀር ከቫይታሚን ሲ እጥረት የተነሣ እግራቸውን አሟቸው መራመድ ያቃታቸውና ለወራት ሌላ በሽታ ሲፈለግላቸው የቆዩ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ ሐኪም የደም ምርመራውን ወዴት ማነጣጠር እንዳለበት ቶሎ ያገኘዋል።

ወደ ሐኪሙ ክፍል ከመድረስ በፊት ያለውን መንገድ ደግሞ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ክፍያ፣ ከዚያ ትሪያጅ፣ ከዚያ ወረፋ። ለሌላው ሰው አሰልቺ የሆነው ይህ መንገድ ለልጄ ሊሸከመው የማይችለው ነው። የአምፖሉ እዝዝታ፣ የበረኪናው ሽታ፣ ስም የሚጠራበት ድምፅ ማጉያ፣ የሌላ ሕፃን ለቅሶ፣ የሰው ክንድ ከክንዱ ጋር መነካካት አንድ ላይ ይመጡበታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያም ይጮኻል። ጥበቃው “ያዙት!” ይላል። አንዲት እናት “ጸበል አልወሰዳችሁትም?” ትላለች፤ ሌላው “ሳይቆነጠጥ ያደገ ነው” ይላል። በዚያ ሁኔታ ገብቶ የሚመረመር ልጅ የልብ ምቱም ሆነ የደም ግፊቱ ልኬት እውነተኛውን ጤንነቱን አያሳይም፤ ሐኪሙም የሚያየው ልጁን ሳይሆን ወረፋው ያደረሰበትን ነው። ተራው ሲደርስ በስልክ ተጠርቶ ከግቢው ዛፍ ሥር ቢመጣ ወይም የቀኑ የመጀመሪያ ታካሚ ሆኖ ቢቀጠር የሚጠፋ ገንዘብ የለም።

ቃላትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዲት ነርስ ልጄን ለማባበል፣ በቅን ልቦና፣ “አትፍራ፣ ጉንዳን ብቻ ናት የምትነክስህ” አለችው። እኛ ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነው ማባበያ ነው። እርሱ ግን ክንዱን ትቶ ወለሉን፣ አልጋውን፣ የሲስተሯን ኪስ ጉንዳን ፍለጋ ይመለከት ጀመር፤ መርፌው ሲገባ የጮኸው ጩኸት ከሕመም ይልቅ የክህደት ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ለስምንት ወር ያህል ነጭ በር ባየ ቁጥር “ጉንዳን የለም፣ ጉንዳን የለም” ይል ነበር። ቃሉን እንዳለ ለሚወስድ ሰው “መርፌ ነው፤ ያማል፤ እስከ አሥር ስንቆጥር ያልቃል” ማለት ከማንኛውም ማባበያ ይሻላል።

እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሳያሠለጥናቸው የሚያውቁ ሰዎችም አሉ። ባለፈው ዓመት የደም ምርመራ ታዝዞለት ወደ አንድ ላብራቶሪ ወሰድኩት። የላብራቶሪው ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፤ ጩኸቱን ሰምተው ወደ ኮሪደሩ ወጡና “አባቱ እርስዎ ነዎት? ምን ይወዳል?” አሉኝ። ቁጥር መቁጠርና የሚለጠጥ ነገር መሳብ እንደሚወድ ነገርኳቸው። ተመልሰው ገቡና ክንድ የሚታሰርበትን ጎማ ይዘው መጡ፤ ለልጁ ሰጡትና የራሳቸውን ክንድ ዘረጉለት። ልጄ ጎማውን በእርሳቸው ክንድ ላይ አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ሦስተኛው ላይ የራሱን እጅጌ ሰበሰበ። የአልኮሉን ሽታ እንደማይችል ስለነገርኳቸው በጥጡ ክንዱን እንደጠረጉ ወዲያው ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። “ሃያ ስንል ያልቃል” አሉት፤ መቁጠርም ጀመሩ። ደሙ ተቀድቶ ያለቀው 13 ላይ ነበር። እርሳቸው ግን መርፌውን አውጥተው ደረቁን ጥጥ እንደያዙ እስከ ሃያ አብረውት ቆጠሩና “አለቀ” አሉት። ጠቅላላው ጊዜ 12 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ላብራቶሪ አራት ሰው ይዞት ወደ 40 ደቂቃ ፈጅቶ ነበር፤ ናሙናውም ስለተበላሸ በማግሥቱ ተመለሱ ተብለን ነበር።

ስለ መድኃኒቱም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሪስፐሪዶን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተፈቀደው ከፍተኛ ቁጣን፣ ራስን መጉዳትንና ሌላውን ማጥቃትን ለመቀነስ ነው፤ አሪፒፕራዞልም ከሦስት ዓመት በኋላ ለተመሳሳይ ጉዳይ ተፈቅዷል። ኦቲዝምን ራሱን የሚያክም መድኃኒት የለም። እነዚህ መድኃኒቶች ለአንዳንድ ቤተሰብ እፎይታ መሆናቸውን አልክድም፤ ለእኛም አንድ ክፉ ዓመት ላይ ደርሰውልናል። ነገር ግን ያወፍራሉ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ፣ የደም ስኳርንና ስብን ከፍ ሊያደርጉ፣ ያለ ፈቃድ የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ልጄ በ14 ወር 13 ኪሎ ጨመረ፤ በእነዚያ ወራት ማዘዣው አራት ጊዜ ሲታደስለት ሚዛን ላይ ያወጣው ሰው አልነበረም። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ወጪውን እየመዘገቡ ቀሪውን አለመመርመር ለእኔ ሊገባኝ አይችልም። መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደት፣ ወገብ፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ተለክቶ ካልተጻፈ በኋላ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

ጸበልን በተመለከተ ሐኪሞች ባይሳለቁ እመክራለሁ። ልጁን ጸበል የወሰደች እናት በሐኪም ፊት ስታፍር ለቀጣዩ ቀጠሮ መምጣቷን ትተዋለች እንጂ ጸበሉን አትተውም። ለኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒቱንና ጸበሉን ጎን ለጎን እንዲያስኬዱ የሃይማኖት አባቶች በአደባባይ ሲያስተምሩ ሰምተናል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅም ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ማስረዳት የሚቻለው እንዲሁ በአክብሮት ነው። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ደግሞ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር የታተመ፣ በ2010 መጽሔቱ ራሱ የሰረዘው ጽሑፍ ነው፤ ዋናው ጸሐፊም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፍቋል። ይህን ከጤና ጣቢያ ሠራተኛ አፍ መስማት ለአንዲት እናት ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ ያነሰ የሚነገርላቸው ያደጉት ናቸው። ልጄ ሰውነቱ ከእኔ እኩል ሆኗል፤ ከሕፃናት ክፍል ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የነገረን የለም። ጓደኛዬ የ24 ዓመት ኦቲዝም ያለባት ሴት ልጅ አለችው፤ የማኅፀን ሕመሟን ለማስመርመር ሲሄዱ የተጠየቀው ሁሉ አባቷ ነው፤ እርሷ ማንበብና መጻፍ የምትችል፣ በስልኳ ላይ የምትጽፍ ልጅ ናት። ጥያቄውን ጽፈው ቢሰጧት ጽፋ ትመልስ ነበር።

በአገራችን ለዚህ ጉዳይ መንገድ የጠረጉት በአብዛኛው ወላጆች ናቸው። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከራሳቸው ልጅ ተነሥተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል፤ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከወላጆች ጥረት የተወለደ ነው። እነዚህ ማዕከላት የሚያስተምሩና የሚያሠለጥኑ ናቸው፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አያደርጉም፣ ጥርስም አይነቅሉም። ስፔሻሊስቶቹ ጥቂት፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ወይም በደሴ ላለው ልጅ ጤንነት ወሳኙ ሰው የኦቲዝም ስፔሻሊስት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ያለው ጤና መኮንን፣ የድንገተኛ ክፍል ተረኛዋና የጥርስ ሐኪሙ ነው። በቤት ለቤት ጉብኝታቸው የሚያገኙንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም አልረሳም።

በእንግሊዝ አገር ኦሊቨር መጋወን የተባለ ኦቲዝምና የሚጥል በሽታ የነበረበት የ18 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ2016 ሆስፒታል ገብቶ፣ እርሱና ወላጆቹ እንዳይሰጠው እየተናገሩ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ተሰጠውና ሞተ። የእናቱ ትግል ፍሬ አፍርቶ በ2022 በወጣ ሕግ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ተቋማት ሠራተኞቻቸውን ስለ ኦቲዝምና ስለ አእምሮ እድገት ውስንነት እንዲያሠለጥኑ ተገድደዋል፤ ሥልጠናውም በልጁ ስም ይጠራል። እኛም ሕግ አላጣንም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላ አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 25 አካል ጉዳተኛ ለሌላው ሰው ከሚሰጠው ጋር በዓይነትም በጥራትም እኩል የሆነ የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይደነግጋል። የሞተ ልጅ ስም እስኪገኝለት ድረስ መጠበቅ አለብን ብዬ አላምንም። ጤና ሚኒስቴርና የሕክምና ትምህርት ቤቶች በነርሶች፣ በጤና መኮንኖችና በሐኪሞች ትምህርት ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ለዚህ ጉዳይ ቢመድቡ፣ በሰዓታቱም ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችና ወላጆች ራሳቸው መጥተው እንዲናገሩ ቢደረግ ብዙ ነገር ይለወጣል።

“ሐኪሙ ወረፋው አላልቅ ብሎት እንዴት ለአንድ ልጅ ይህን ሁሉ ያደርጋል?” የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ቀምሬዋለሁ። ለዚያ ለአንድ ጥርስ ሦስት ጊዜ ካርድ አወጣን፣ ሦስት ሐኪሞች አዩን፣ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ተቀየረ፣ ባለቤቴ 11 ቀን ከሥራዋ ቀረች። በመጀመሪያው ቀን አፉን ለማስከፈት፣ ጆሮውን ለማየት፣ ሆዱን ለመዳበስና “መቼ ነው የተጸዳዳው?” ብሎ ለመጠየቅ ይፈጅ የነበረው አሥር ደቂቃ ነው።

የሐኪሙን ድካም ለማቅለል በእኛ በኩል የምንችለውን ጀምረናል። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ኦቲዝም ያለበት ታካሚ ስለ ራሱ የሚያስረዳ “የሆስፒታል ፓስፖርት” የተባለ ወረቀት ይዞ እንደሚቀርብ አነበብኩና በአማርኛ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት አስደረግሁት። በልጄ አንደበት የተጻፈ ነው። “የምሰማውን መልሼ እላለሁ፤ መልስ ነው ብላችሁ አትጻፉ። ከታች ባለው የሰውነት ሥዕል ላይ በጣቴ አሳያችኋለሁ” ይላል። “ሲያመኝ አላለቅስም፤ ያመመኝን ቦታ እመታለሁ ወይም መብላት አቆማለሁ። ከመንካታችሁ በፊት የምትነኩትን ቦታ ንገሩኝ። የአልኮል ሽታ ያስመልሰኛል። እስከ ሃያ መቁጠር እወዳለሁ። ቀድሞ እንዲህ ሆኜ የማላውቅ ከሆነ ጥርሴን፣ ጆሮዬንና ሆዴን ሳታዩ መድኃኒቴን አትጨምሩ” የሚልም አለበት። በጀርባው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ መጠናቸውና በየሦስት ወሩ የምመዝነው ክብደቱ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ አገላብጦ አይቶ “ማመልከቻ ከሆነ በጽሕፈት ቤት በኩል ነው” ብሎ መለሰልኝ። አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ግን ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችውና ቅጂውን ከካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ጋር በስቴፕለር አያያዘችው፤ ከዚያም ልጄን “አሁን ግራ ክንድህን እነካለሁ” አለችው። ክንዱን ሰጣት።

የልጄን ስም ያጠፋሁበትን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ጋዜጣው ቦታ ቢኖረውና ቢያትመው ቆርጦ ባዶው ቦታ ላይ የራሱን ልጅ ስም የሚጽፍ ወላጅ አይጠፋም፤ የሰውነቱ ሥዕል እኔ የሳልኩት ስለሆነ እጆቹ ትንሽ መርዘማቸውን ግን ይታገሱልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ልጅ አባት፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ እንዲጠበቅ እጠይቃለሁ)